የሰኔን ትምህርት ማን በላው?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ሄጄ፣ ቡናው እስኪፈላ የሒሳብ ደብተሯን አነሣሁና ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩት። የመጨረሻው ማስታወሻ የተጻፈው ግንቦት 21 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ነጭ ነው። ትምህርት ቤቱ በይፋ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሁለቱንም ጫፍ ይዛችሁ ቁጠሩት፤ አርባ ቀን ይሆናል። እንግዲህ ሰኔ 30 ካርድ ለመቀበል ስንሰለፍ የትምህርቱን አርባ ልናወጣ ነው ማለት ነው።

«ከዚያ በኋላ ምን ስትሠሩ ነው የከረማችሁት?» አልኳት።

«ፈተና ነበር። ከዚያ ልምምድ። ከዚያ ስምንተኞች ሲፈተኑ ክፍል ስለሚያስፈልግ ቤት ዋሉ ተባልን። አሁን ደግሞ ልምምድ ነው።»

የምን ልምምድ? የዓመቱ መዝጊያ በዓል። እሷና አሥራ አንድ ልጆች በአንድ ታዋቂ ዘፈን ይወዛወዛሉ። ትዘፍኛለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። ዘፈኑን ዲጄው ይለቀዋል፤ እነሱ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

እናቷ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። «ውድ ወላጆች» ይላል። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለቲሸርት፣ ለምሳ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ 3,500 ብር እንድንከፍል ይጠይቃል። ግዴታ እንዳልሆነም ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ክፍያውን እስከ ሰኔ 12 ያላጠናቀቀ ተማሪ በመድረክ ዝግጅት ላይ እንደማይካተት ያሳስባል። ግዴታ ያልሆነ ግዴታ ማለት ይህ ነው። እህቴ ከፈለች። እኔም ግማሹን አዋጣሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አንተስ?» እንዳትሉኝ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። አንዱን ብጠቅስ ሌሎቹ «ተመስገን፣ እኛን አይደለም» ብለው ይተኛሉ። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የግልም ብቻ አይደለም።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ጦርነት ይከፈታል። በአንድ በኩል የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ጋውን ለብሰው፣ ባርኔጣ ወርውረው የሚያሳይ ቪዲዮ ይለቀቃል። በሌላ በኩል «ትምህርት ቤት ጭፈራ ቤት ሆነ»፣ «ትውልዱ አለቀለት»፣ «ይታገድ» የሚል ጎርፍ ይመጣል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። በተለይ «ይታገድ» ከሚሉት ጋር መጣላት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን በሽታ አይተው የተሳሳተውን እግር ሊቆርጡ ነው።

የእነሱ ጠንካራ መከራከሪያ ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። «ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ በሚወድቅበት አገር ስለ ውዝዋዜ ታወራለህ?» ይሉኛል። አዎ፣ አወራለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ይህች ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እንዲህ ያሉ ሰኔዎች አምስት ወይም ስድስት ሲደማመሩ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ያህል ይወጣቸዋል። ይህን ጊዜ የበላው ውዝዋዜው ነው ወይ? አይደለም። አሥራ ሁለት ልጆች ለአምስት ደቂቃ ዘፈን አርባ ቀን አያስፈልጋቸውም። ጊዜውን የበላው ከፈተና በኋላ ትምህርት የለም የሚለው ሁላችንም ተስማምተን ዝም ያልንበት ደንብ ነው። ፈተናው ካለቀ ልጁ ደብተሩን ቀድዶ ይጥላል፤ መምህሩ ማርክ ይሞላል፣ ሮስተር ያዘጋጃል፤ ርዕሰ መምህሩ አዳራሽ ያፈላልጋል፤ ወላጅ የሰኔን ክፍያ ይከፍላል። በዓሉ ነገ ቢታገድ እነዚያ አርባ ቀናት ወደ ሒሳብ አይመለሱም። ልጆቹ ደጅ ይውላሉ፣ ያው ነው።

ሰኔ 30 በእኛ ዘመን ምን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የተቋጠረ ቂም «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ» ተብሎ ይቀጠራል፤ ካርድ ተቀብለን በር ላይ እንፈነካከታለን። ዘበኛው ዱላውን ይዞ የሚሮጠው በዓመት አንዴ በዚያ ቀን ነበር። አሁን እንደ ቀልድ እናወራዋለን እንጂ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ ሥራ የሌለው ጉርምስና ሜዳ ላይ ሲለቀቅ የሚያደርገው ያንን ነው። 12 እና 13 ዓመት ማለት እኮ ከባድ ዕድሜ ነው። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወዲህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ተብሎ ለብቻው የቆመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ልጁ ሕፃን አይደለም፣ ወጣትም አይደለም። ድምፁ ይሰበራል፣ ሰው ፊት መቆም ያፍራል፣ ደግሞም ሰው እንዲያየው አብዝቶ ይፈልጋል። ይህን ልጅ መድረክ ላይ ማውጣት ትልቅ ትምህርት ነው። «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብሎ ማውጣት ግን ምን ይባላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «የክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለው። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም፤ እኔም የእህቴን ልጅ ቦርሳ እስክበረብር አላውቅም ነበር። ሙዚቃ፣ ተውኔት፣ ውዝዋዜ፣ ሥዕል በአንድ ላይ የሚሰጥበት ነው። መጽሐፉ አለ፣ ክፍለ ጊዜው በፕሮግራሙ ላይ አለ፣ ካርዱ ላይም ውጤት ይሞላለታል። ደብተሯን አየሁት። ስለ ሙዚቃ ምልክቶች ከመጽሐፉ የተገለበጠ ሦስት ገጽ ማስታወሻ አለ። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ዜማ ዘምረው፣ አንድ ጭውውት ሠርተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ወይም የእንግሊዝኛ መምህሩ ገብቶ ያካክስበታል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ተውኔት የሚባል ትምህርት በፕሮግራሙ ላይ ያለው ትምህርት ቤት፣ የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ ለምን ዲጄና አስተዋዋቂ ከውጭ ይከራያል? ይህ ማለት ዓመቱን ሙሉ የምግብ ዝግጅት ያስተማረ ኮሌጅ ለምረቃው ምሳ ከሆቴል ሲያዝዝ እንደማየት ነው። የበዓሉ ቀን የዚያ ትምህርት ፈተና መሆን ነበረበት። ልጆቹ የጻፉት ጭውውት፣ ራሳቸው የዘመሩት ዜማ (ቢሰበርም ይሰበር)፣ በእጃቸው የሣሉት የመድረክ ጀርባ። ሰኔ የሚባለው ወር ከፈተና ጫና ነፃ ስለሆነ ለዚህ የተፈጠረ ነበር።

ስለ ውዝዋዜው ነውር ለሚጨነቁት ወገኖቼም አንድ ነገር አለኝ። ጭንቀታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። እኔም አምና አንድ ቪዲዮ አይቼ ስልኬን ዘግቻለሁ፤ የ13 ዓመት ልጆች የሚያደርጉት አልነበረም። ግን ልጆቹ ያንን ከየት ተማሩት? ከቲክቶክ። ክፍል ውስጥ ውዝዋዜ ያስተማራቸው ሰው የለማ። መምህር የሌለበትን ወንበር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይይዘዋል። በዓሉን ብታግዱት ቲክቶክ መምህርነቱን አይለቅም፤ እናንተ ማየት ታቆማላችሁ፣ ይኸው ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ነገር በሁለት ቃል አልፈዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ይመገባሉ፤ ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣቸዋል። ይህን ሥራ በብዙ ነገር ልንተቸው እንችላለን፤ አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም። ምሳ ዕቃው ባዶ የሆነው ልጅ በእረፍት ሰዓት ከአጥር ሥር መደበቁን አስቀርቷል። የማን ልጅ ድሃ እንደሆነ በልብስ መለየት አይቻልም። ዘጠኝ ወር ሙሉ አይቻልም። ከዚያ ሰኔ ይመጣል።

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ የያዙ መምህርት የነገሩኝን ልንገራችሁ። ለዓመቱ መዝጊያ የባህል ልብስ ኪራይ ከየልጁ 400 ብር ተጠየቀ። የከፈሉት «የብሔር ብሔረሰቦች ውዝዋዜ» ውስጥ ገቡ። ያልከፈሉት ወንዶች ወንበር እንዲደረድሩ ተመደቡ፤ ያልከፈሉት ሴቶች ደግሞ አዳራሽ እንዲጠርጉና ውኃ እንዲያቀርቡ። «አንዱ ልጅ» አሉኝ መምህርቷ፣ «ከክፍሉ አንደኛ ተወዛዋዥ ነው። በእረፍት ሰዓት ሲጨፍር ሌላው ተማሪ ክብ ሠርቶ ነው የሚያየው። በዓሉ ቀን ወንበር ተሸክሞ አየሁት። ምን ልበለው? ‹ጎበዝ፣ በርታ› አልኩትና ዞርኩ።»

ይኸው ነው። ምሳ አብልተን፣ ልብስ አልብሰን፣ ዘጠኝ ወር የሸፈንነውን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በማይክሮፎን አወጅነው። ያም ልጅ እኮ ደንብ ልብስ ነበረው! ከተማው የሰጠው፣ የታጠበ ደንብ ልብስ። በደንብ ልብስ መወዛወዝ የሚከለክል ሕግ በየትኛው መመሪያ ላይ ነው ያለው?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ነግረውኛልም። «ለክብር እንግዳው ድምቀት እንዲኖረው» ነው። የክብር እንግዳው ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ስለ ትውልድ ግንባታ ሃያ ደቂቃ ይናገሩና ሌላ ስብሰባ ስላለባቸው ይቅርታ ጠይቀው ይወጣሉ። ውዝዋዜውን አያዩትም። ልብሱን የተከራየነው ለማን ነበር?

የሽልማቱንም ነገር አስቡት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ። ይህ ተገቢ ነው፤ ለፍተዋል። ግን ጥቅምት ላይም፣ ጥር ላይም የተሸለሙት እነሱ ናቸው፤ ውዝዋዜውም ውስጥ አሉ፤ ግጥሙንም የሚያነቡት እነሱ ናቸው፤ ግጥሙን ደግሞ ብዙ ጊዜ የጻፈው መምህሩ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል አሥሩ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ይታያሉ፣ ሃምሳዎቹ ዓመቱን ሙሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ከአጨብጫቢዎቹ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ያደግኩበት ከተማ ውስጥ፣ የአማርኛ መምህራችን ለወላጆች ቀን የክፍሉን ልጅ በሙሉ በጭውውት ውስጥ አስገቡን። ገንዘብ አልተጠየቀም፤ አልባሳት የተባለው የእናቶቻችን ነጠላና የአንድ ልጅ አባት ካፖርት ነበር። ርዕሱ «ቁልፉ» ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነበረው፤ ቁልፉ ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ዘንድ ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ አይገኝም። በጭውውቱ ውስጥ አንድ ተማሪ መጽሐፍ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፣ በመጨረሻ ቁልፉን ሲያገኝ መጽሐፉን አይጥ በልቶታል። እኔ አይጥ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ አሁንም አልረሳሁትም፤ «እኔ እንኳ አነበብኩት!» የሚል።

ወላጆች ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቁም። ጭውውቱ ሲያልቅ አንድ አባት፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ነበሩ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ለመሆኑ ቁልፉ በእውነት ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። መስከረም ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፤ እኛም ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተናል። ግን ጥያቄው ሁሉም ወላጅ ባለበት ተጠየቀ። ያስጠየቅነው ደግሞ እኛ ነን፣ የስምንተኛ ክፍል ልጆች። ዛሬ ጋዜጠኛ የሆንኩበትን ምክንያት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ያንን ቀን ነው የማስበው።

ታሪካችንም ይህንን ያውቀዋል። ከጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛ ተውኔትን ካቆሙት መካከል ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ። ተዋንያናቸውም የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የአገራችን ቴያትር ያደገው በተማሪ ጉሮሮ ነው። ኋላም በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ያነበበው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ነበር። እሱ የዩኒቨርሲቲ ነው፣ የእኛዎቹ ገና ልጆች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የዚያ ትውልድ ተማሪ ዓመታዊ በዓል ማለት ሰው ፊት ቆሞ የራስን ቃል መናገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። የእኛዋ ልጅ የምታውቀው አፍ ማንቀሳቀስን ነው። ማስፈራቱ እዚህ ላይ ነው፤ አፍ ማንቀሳቀስን የተማረ ሕዝብ ኋላ ሌላ ሰው የለቀቀለትን ሁሉ ያንቀሳቅሳል።

አንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ወዳጄ ስለዚህ ጉዳይ ስንከራከር እንዲህ አለኝ፤ «ወላጁ ነው የሚፈልገው። ግቢ ውስጥ፣ በደንብ ልብስ ላድርገው ብል ‹ይህን ሁሉ ከፍለን!› ብለው ልጃቸውን ጎረቤት ትምህርት ቤት ያስገባሉ።» እውነቱን ነው። እዚህ ላይ እኛ ወላጆችና አጎቶች ንጹሕ አይደለንም። የምንከፍለው ልጃችን እንድትማር አይደለም፤ ልጃችን ከሌላው እንዳታንስ ነው። በዕለቱም መድረኩን በዓይናችን አናየውም፤ ስልክ ከፍ አድርገን በስልኩ ነው የምናየው፣ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ የእኛን ስልክ ያያል። እናም ትምህርት ቤቱ ፎቶ የሚያምርበትን ነገር ይሸጥልናል። ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርም።

ቢሆንም ኃላፊነቱን እኩል አላካፍልም። ወላጅ ይፈራል፤ ልጁ እዚያ ናትና። ደንብ የማውጣት ሥልጣን ያለው ሌላ ነው። የትምህርት ቢሮውም ሆነ ተቆጣጣሪው አካል ለክፍያ ጭማሪ መመሪያ ሲያወጣ አይተናል። በመስከረም ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተሸፈነ የሚቆጥር ሱፐርቫይዘር አለ። ያ ሱፐርቫይዘር ሰኔ 10 ላይ የት ነው? አንድ ቀን ሳይነግር ብቅ ቢልና ሰባተኛ ክፍልን «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ያበቃል። ከፈተና በኋላ ያሉት ሳምንታት የትምህርት ሳምንታት ናቸው ብሎ መጻፍ ምን ያህል ወረቀት ይፈጃል? የክወናና እይታ ጥበባት መምህር እነዚያን ሳምንታት ይያዝ፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ያግዙት፤ እያንዳንዱ ክፍል ያለውን ልጅ በሙሉ ይዞ አንድ ነገር ያዘጋጅ፤ አይጥም ቢሆን ሆኖ ይውጣ። በግቢው ውስጥ፣ በደንብ ልብስ፣ ያለ መዋጮ። ቆንጆ አይሆንም። ማይኩ ይጮኻል፣ አንዱ ቃሉን ይረሳል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። እንደዚያ ይሁን።

መምህራኑ «በዚህ ደመወዝ ሰኔንም ልንለፋ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ለአዳራሹ የሚከፈለው ብር አለ። የእህቴ ልጅ ክፍል ውስጥ 48 ልጆች አሉ። 3,500ውን በ48 አባዙት፤ 168,000 ብር ይመጣል። ከአንድ ክፍል፣ ለአንድ ቅዳሜ። ይህ ብር ለማን እንደሄደ ደግሞ ሒሳብ የቀረበበት ስብሰባ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ በወተመህ ስብሰባ ላይ ተጠይቆ እንደሆነ ንገሩኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ እሄዳለሁ። ከፍለናል፤ ልጅቷም አጎቴ ይመጣል ብላ ለጓደኞቿ ነግራለች። አጨበጭባለሁ። ከበዓሉ በኋላ ግን ርዕሰ መምህሩን አግኝቼ ስለ አርባው ቀንና ስለ ገንዘቡ እጠይቃለሁ፤ የሚሰጡኝን መልስ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።

እናንተም የእናንተን ላኩ። ልጃችሁ የመጨረሻውን ማስታወሻ የጻፈበትን ገጽና የተጠየቃችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንሡና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የልጁን ስም ሸፍኑ። የትምህርት ቤቱንም ሸፍኑ፤ እኔ የምፈልገው ቀኑንና ብሩን ብቻ ነው።